ከሽፋኑ ላይ ስለተባረረችው አህያ

አምቦ፣ መጋቢት 2017 ዓ.ም.

ለክቡር ኦቦ ጉተማ ኤጄታ
የወጣቶች ፈጠራ አበረታች ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት (ብዙውን ጊዜ ሥልጠና ላይ)

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጾሙ እንዴት ይዞዎታል? ከመድረክ ወንበር እምብዛም የማይለየው ወገብዎ፣ ስብሰባ ሲከፍትና ሲዘጋ የሚውለው ጉሮሮዎ፣ የሚቀጥለውን ተናጋሪ በትዕግሥት የሚጠብቀው ጆሮዎ ሁሉ ደኅና እንዲሆንልዎ እመኛለሁ። ከሁሉ ይልቅ ግን የቀኝ እጅዎ አውራ ጣት ጤንነት ያሳስበኛል፤ ምክንያቱን ወደ ደብዳቤዬ መጨረሻ እገልጻለሁ።

እኔ ዘሩባቤል ሀብተሥላሴ እባላለሁ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የካርታ ሥራ ተምሬ፣ እዚሁ አምቦ ጂኦግራፊ ሳስተምር ፀጉሬ የሸበተ ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ የተገደድኩት በግል ላቀርብልዎ ደጋግሜ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ብመጣም፣ ጸሐፊዎ ወይዘሮ ወርቅቱ፣ እግዜር ይስጣቸውና፣ በመጣሁ ቁጥር በታላቅ ትሕትና «ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ጋሼ» እያሉ ስለመለሱኝ ነው። አንድ ቀን «ስብሰባው ስለምንድን ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው «ስለ ቅልጥፍና» አሉኝ። ከዚያ በኋላ አላስቸገርኳቸውም።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ፤ እርስዎም ቢሆኑ ፊርማዎን ያኖሩበት ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ መልካም አጋጣሚ ይሆንልዎታል። ጎረቤቴና የቀድሞ ተማሪዬ ሃዋኒ ሌንጂሳ «ሃሬ» የሚባል የኮምፒውተር ጌም ሠርታለች። ሃሬ በአፋን ኦሮሞ አህያ ማለት ነው። ተጫዋቹ በቆሎ የጫነ አሮጌ አይሱዙ ይዞ ከባኮ ይነሳል፤ ዝናብ ሳይቀድመው አምቦ መግባት አለበት። መንገዱ ላይ አንዲት አህያ ትቆማለች። ክላክስ ቢነፋባት አትሰማም፤ መብራት ቢያበራባት አትደነግጥም፤ ገጭቷት ሊያልፍ ቢያስብ ሞተሩ ይጠፋበታል። መላው አንድ ብቻ ነው፤ ከመኪናው ወርዶ ምን ፈልጋ እንደቆመች መረዳት። አንዴ ውርንጭላዋ ቦይ ውስጥ ገብቶባት ነው። አንዴ ጭነቷ ወደ አንድ ጎን አዘንብሎባት ነው። እጃጂ መግቢያ ላይ ደግሞ ምንም አልሆነችም፤ የአይሱዙው ጥላ ተመችቷት ብቻ ነው። እኔ በዚህ ዕድሜዬ በብዙ ሰው ተሸንፌ አውቃለሁ፤ በአህያ ስሸነፍ ግን የመጀመሪያዬ ነበር፣ ደግሞም ደስ ብሎኝ ነበር።

ሃዋኒ ጌሙን የጀመረችው ተመርቃ ሥራ ስትጠብቅ ነው፤ የጨረሰችው ኢንተርኔት ቤት ተቀጥራ የሰው ማመልከቻ እየተየበች ነው። ኮሚቴዎ ክፍልና ኮምፒውተር ስለሰጣት ከልቤ አመሰግናለሁ፤ በዚህ ምስጋና ውስጥ አሽሙር የለም፤ ስለዚህ አንባቢ ሌላውን እንዲጠነቀቅ። ኮሚቴው በምላሹ የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጌሙ የሚሸጥበት የኢንተርኔት መደብር ላይ አካውንቱ በኮሚቴው ስም እንዲከፈት፣ ማናቸውም ለውጥ ደግሞ በሰብሳቢው ስልክ እንዲጸድቅ። ትንሽ ነገር መስሏት ፈረመች።

የጌሙን የሽፋን ሥዕል የሣለችው ጓደኛዋ ዱረቲ ናት። በሥዕሉ ላይ የነበረው ይህ ነው፤ ጥቁር አስፋልት፣ ቢጫ ሰማይ፣ መሐል መንገድ ላይ ፊቷን ወደ ተመልካቹ አዙራ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ የቆመች አንዲት አህያ፣ ከኋላዋ ጭነቱ ያዘነበለ አይሱዙ። ከላይ በወፍራም ፊደል «ሃሬ»። አለቀ። ዱረቲ ይህን ከሠራች በኋላ አላረፈችም። ሥዕሉን በአውራ ጣት ጥፍር ልክ አሳትማ፣ በዚያው ልክ ከታተሙ የሌሎች ጌሞች ሽፋኖች መሐል መናኸሪያው አጠገብ ያለ ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ለጠፈችው፤ ከዚያም ሻይዋን ይዛ ዓይን ወዴት እንደሚሄድ ትጠብቅ ጀመር። ጉዩ የሚባል የእጃጂ መስመር ሹፌር ብርጭቆውን እንደያዘ ጠጋ ብሎ አየና ጮኸ፤ «ውይ! ይቺን አውቃታለሁ! ትናንት ያስቆመችኝ ናት፤ እስካሁን አልተነሳችም እንዴ?»

ክቡር ሆይ፣ የሽፋን ሥዕል ሥራ ይኸው ነው። መደብሩ ውስጥ ሥዕሉ ከጥፍር አይበልጥም፤ ከግራና ከቀኙ ሌሎች ተሰልፈው ይጣራሉ። ገዢው ቆሞ አይመረምርም፤ አውቶቡስ ውስጥ እንዳለ መንገደኛ በመስኮት አየት አድርጎ ያልፋል። በዚያች ቅጽበት ዓይኑ አንድ ነገር ላይ አርፎ «ከዚያስ ምን ሆነ?» ካላለ፣ አለፈ፤ አይመለስም። እኛ ካርታ ሠሪዎችም የምንሠራበት ሕግ ከዚህ የተለየ አይደለም። ወረቀቱ ባነሰ መጠን የሚተወው ነገር መብዛት አለበት። አገሪቱን በደብተር ገጽ ላይ የሚሥል ተማሪ የየመንደሩን ምንጭ ካላስገባሁ ካለ፣ የሚያስረክበኝ ካርታ ሳይሆን የፈሰሰ ቀለም ነው። ይህን ዘጠነኛ ክፍል ላይ እናስተምራለን፤ ኮሚቴዎ ግን ከዘጠነኛ ክፍል በላይ በመሆኑ ሳይረሳው አልቀረም።

አሁን ወደ አቤቱታዬ ልግባ፤ በተራ ቁጥር አቀርበዋለሁ፣ ተራ ቁጥር እንደሚወዱ አውቃለሁና።

አንደኛ፣ ስለ አህያዋ መባረር። ሽፋኑን «ለማዳበር» በጠራችሁት ስብሰባ ላይ በሃዋኒ እንግድነት ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ነበር። አንድ የተከበሩ አባል ተነስተው አህያ ለአካባቢያችን ገጽታ እንደማትመጥን፣ የውጭ ሰው አይቶ «እነዚህ ሰዎች ከአህያ ሌላ የላቸውም» ሊለን እንደሚችል አስረዱ፤ አዳራሹም በጭብጨባ ተቀበላቸው። አባሉ ለስብሰባው የቀረበላቸውን የተቀቀለ በቆሎ እያላመጡ ይህን በመናገራቸው አድናቆቴ የላቀ ነው። ያ በቆሎ ከማሳ ወደ አስፋልት የወጣው በማን ጀርባ እንደሆነ ቢጠየቁ ግን ምን ይመልሱ እንደነበር ማወቅ እሻለሁ። ለማንኛውም በአካባቢያችን ታሪክ ከእርስዎም ከእኔም የበለጠ ጭነት ተሸክማ አንድም ቀን አበል ያልጠየቀች ፍጡር፣ በሙሉ ድምፅ ከሽፋኑ ተሰናበተች።

ሁለተኛ፣ «እኔ የምጨምረው ቢኖር» ስለሚባለው ነገር። በስብሰባ ላይ ዝም ብሎ መቀመጥ እንደ ነውር የሚቆጠርበት፣ አስተያየት ያልሰጠ ሰው እንዳልመጣ የሚታይበት ልማድ እንዳለን አውቃለሁ። እኔም የመምህራን ስብሰባ አሳምሮ አሠልጥኖኛል። ነገር ግን ልማዳችን አንድ ጎደሎ አለው፤ ሁሉም የሚጨምረው ይዞ ይመጣል፣ የሚቀንሰው ይዞ የሚመጣ የለም። አንዱ ተነስተው የጭልሞን ደን ጨመሩ። ሌላው፣ ደን ካለማ ጉሬዛ ከሌለበት ምን ደን ነው ብለው ጉሬዛ ጨመሩ። ሦስተኛው የጉደርን ፏፏቴ፣ አራተኛዋ የባኮን የበቆሎ ማሳ፣ አምስተኛው ሐይቅ፣ ስድስተኛው አንድነትን ያሳያል ብለው ሁለት የተጨባበጡ እጆች ጨመሩ። ሳይንስ ተረሳ ተብሎ ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰው ገባ። ሰውዬው ብቻውን እንዳይሆን ማጉያ መነጽር ተሰጠው። ዱረቲ በመጨረሻ እጇን አውጥታ በቀጭኑ ድምፅዋ «መኪናውስ?» ብትል፣ «አለ እንጂ! ከደኑ ጀርባ ነው» ተባለች። ስለ አህያዋ ለመጠየቅ አልደፈረችም።

ሦስተኛ፣ ስለ ሐይቁ። በሽፋኑ ላይ የሚታየው ሐይቅ የእኛው የደንዲ ሳይሆን የወንጪ ነው። ወንጪ ደግሞ የሚገኘው በደቡብ ምዕራብ ሸዋ፣ በጎረቤታችን ዞን ነው። ለአካባቢያችን ገጽታ አህያችንን አባርረን የጎረቤት ሐይቅ በመውሰዳችን ጎረቤቶቻችን ቅር ሳይሰኙ አልቀሩም። በዚህ ላይ ሌላ አልናገርም፤ ሰላሳ ዓመት ያህል ያስተማርኩት ትምህርት ነውና ደሜ ይፈላል።

አራተኛ፣ ስለ ስድስቱ ክቡር ፊቶች። የኮሚቴው አመራር ፎቶ፣ ከክቡርነትዎ ጀምሮ፣ እንደ ዶቃ በየክቡ ውስጥ ተደርድሮ የሽፋኑን ላይኛ ክፍል ሞልቶታል። ሥዕሉን ያቀናበረው ባነር ቤት ለዐውደ ጥናት ባነር የሚጠቀምበትን አሠራር ነው የተጠቀመው፤ እርሱን አልወቅሰውም፤ የታዘዘውን ሠራ። ባነር ሰፊ ነው፣ አዳራሽ ውስጥ ይሰቀላል፣ ተሰብሳቢው መውጫ ስለሌለው ቀኑን ሙሉ ሲያየው ይውላል። የመደብር ሽፋን ግን ጥፍር ነው፤ ለተመልካቹም በሩ ክፍት ነው። ጥፍር በሚያክል ሥዕል ላይ ስድስት ሰው ሲደረደር የስድስት ሽምብራ ቆሎ ያህል ይታያል፤ የትኛው ሽምብራ ሰብሳቢው እንደሆነ እኔ እንኳ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ መለየት አልቻልኩም።

ዱረቲ ለፍትሕ ስትል አዲሱንም ሽፋን በዚያው ልክ አሳትማ እዚያው ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። ያው ሹፌር፣ ያው ጉዩ፣ ሻዩን ይዞ ጠጋ አለ። ፊቶቹን ባይለይም በክብ ውስጥ የተደረደሩ ሰዎች መሆናቸውን አየ። ኮፍያውን ከራሱ አወረደ። «ነፍስ ይማር» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በአንድ መኪና ነው እንዴ?» ክቡርነትዎን ጨምሮ ስድስቱም በሙሉ ጤንነት ላይ እንደሚገኙ ሲነገረው ደስ ቢለውም አልተረዳም፤ «ታዲያ ምን አድርገው ተለጠፉ?» አለ። እስከ ዛሬ መልስ የሰጠው የለም። ቢችሉ እርስዎ ይስጡት።

አምስተኛ፣ ስለ ጽሑፉ። «ሃሬ» የሚለው ሁለት ፊደል አጭር ነው ተብሎ ዝቅ ብሎ ከጥግ ተቀምጧል፤ በቦታው «በኮሚቴው አስተባባሪነትና የበላይ ጠባቂነት በአካባቢው ወጣቶች የተዘጋጀ ዘመናዊ የኮምፒውተር ጨዋታ» የሚል ገብቷል፤ ከሥሩ «ፈጠራችን ለልማታችን!» የሚል መፈክር አለ። ጽሑፉ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም የተጻፈ ሲሆን፣ ፊደሉ ጤፍ ከማከሉ የተነሳ በሁለቱም ቋንቋ እኩል አይነበብም። ቋንቋዎችን ያለ አድልዎ ማስተናገድ ቢባል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላየሁምና ለዚህ ልዩ ምስጋና አቀርባለሁ።

እንግዲህ ጌሙ በጥር ወር በዚህ ሽፋን መደብሩ ላይ ወጣ። መደብሩ አዲስ የገባ ጌምን ለጥቂት ቀን ከፊት ያስቀምጠዋል፤ በእነዚያ ቀናት ዓይን ካልገባ ወደ ኋላ ይገፋል፣ ከዚያ የሚያወጣው የለም። «ሃሬ» ዓይን አልገባችም። ከአንድ ሩቅ አገር ሰው በቀር፣ ስለ እርሱ ኋላ እናገራለሁ፣ የገዛት የለም። ኮሚቴው ይህን በሪፖርቱ ላይ «ምርቱ ለዓለም ገበያ ቀርቧል» ብሎ አስፍሮታል። እውነት ነው፤ ቀርቧል። ሬሳም ለቀብር ይቀርባል።

ሃዋኒን በዚያ ሰሞን ደጃፍ ላይ አግኝቼ፣ የማጽናናት ችሎታ ስለሌለኝ፣ ጌም ሁሉ አይወደድም አልኳት። «ጋሼ» አለችኝ፣ «አይተው ቢጠሉት አላዝንም ነበር። አላዩትም እኮ።» ከዚያ ወደ ኢንተርኔት ቤቷ ሄደች። ክቡር ሆይ፣ እኔ ቁጡ ሰው እንደሆንኩ ተማሪዎቼ ይመሰክራሉ፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ቁጣ ግን የመጣው ከዚያች ዓረፍተ ነገር ነው።

ሆኖም እግዚአብሔር ለአህያም አምላክ ነውና ሁለተኛ ዕድል መጣ። መደብሩ በግላቸው ጌም ለሚሠሩ ሰዎች ሥራ በየዓመቱ ሰፊ አውደ ርዕይ ያዘጋጃል፤ «ሃሬ» ተመርጣለች። የመረጧት ሰዎች ሽፋኑን ሳይሆን ጌሙን ተጫውተው ነው፤ ከመራጮቹ አንዱ እጃጂ መግቢያ ላይ ከአህያዋ ጋር ግማሽ ቀን አሳልፎ በመጨረሻ ጥላው እንደሆነ ሲገባው ከወንበሩ ተነስቶ እንደጨፈረ ጽፎላታል። አውደ ርዕዩ ሲከፈት ሽፋኗ ከብዙዎች መሐል ይሰለፋል። የመደብሩ ደንብ ደግሞ ሽፋን መቀየር የሚቻለው እስከ ሆሣዕና ዋዜማ ብቻ ነው ይላል። የዱረቲ ሥዕል ተጭኖ፣ ተስተካክሎ፣ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። የቀረው በክቡርነትዎ ስልክ ላይ የተላከውን ጥያቄ ከፍቶ «አጽድቅ» የሚለውን መንካት ነው። የአውራ ጣትዎን ጤንነት የጠየቅኩት ለዚህ ነው። ስብሰባ አያስፈልገውም፤ ቃለ ጉባኤ አያስፈልገውም፤ የሚጨመር የለም። ሆሣዕና ካለፈ ግን አውደ ርዕዩ በስድስቱ ክቦች ይከፈታል፣ አላፊው ሁሉ ኮፍያውን አውርዶ ያልፋል፣ «ሃሬ»ም ሳትታይ ለሁለተኛ ጊዜ ትቀበራለች።

መውቀስ ብቻ የተማረ ሰው ወግ አይደለምና አንድ መፍትሔ ይዤ መጥቻለሁ። ጌሙ ያስተማረኝ ነገር ቢኖር፣ መንገድ ዘግቶ የቆመን ፍጡር ክላክስ እንደማያስነሳው፣ ወርዶ ምን እንደፈለገ መረዳት እንደሚሻል ነው። ይህን አባባል ከክቡርነትዎ ጋር የሚያያይዝ አንባቢ ቢኖር የራሱ ክፋት ነው። እኔም ከመኪናዬ ወረድኩ፤ አሰብኩ። የፈለጋችሁት መታየት ነው። መታየት ደግሞ ሃዋኒ ከምንም በላይ የምታውቀው ፍላጎት ነውና ተስማምታለች፤ በጌሙ ፍጻሜ፣ አይሱዙው አምቦ ሲገባ፣ ከመንገዱ በላይ ከዳር እስከ ዳር የተወጠረ ባነር ይኖራል። ስድስታችሁም በሙሉ መጠን፣ ዓርማው ሁሉ፣ መፈክሩ ሁሉ፣ ጉሬዛውም ጭምር። ጭነቱን አምቦ ያደረሰ ተጫዋች ሁሉ በእናንተ ሥር ያልፋል። ነገር ግን አምቦ ለመድረስ መጀመሪያ መነሳት ያስፈልጋል፤ ለመነሳት ጌሙን መክፈት፣ ለመክፈት ደግሞ ሽፋኑን አይቶ መቆም። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ወደ ፎቶዎ የሚወስደው መንገድ በአህያዋ በኩል ነው፤ ሌላ መንገድ የለም፤ ካርታውን የሠራሁት እኔ ነኝ።

ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ ቀሪው ጾም የዕረፍት፣ ስብሰባዎ አጭር፣ ማይክሮፎንዎ የማይጮህ፣ የስልክዎ ባትሪ እስከ ሆሣዕና ዋዜማ የማያልቅ እንዲሆንልዎ ከልብ እመኛለሁ። ገለቶማ፤ አመሰግናለሁ።

ለክቡርነትዎ ያለኝን አክብሮት በጥፍር ልክ ሳይሆን በባነር ልክ የማቀርበው፣

ዘሩባቤል ሀብተሥላሴ
የጂኦግራፊ መምህር፣ በአህያ የተሸነፈ

ማስታወሻ፦ ጌሙን በጥር ስለገዛው ስለዚያ የሩቅ አገር ሰው እናገራለሁ ብዬ ነበር። መደብሩ ላይ እንዲህ የሚል አስተያየት ትቷል፤ «ሽፋኑን አይቼ የስብሰባ ጌም መስሎኝ ነበር የገዛሁት። አህያ ስትመጣብኝ ግራ ገባኝ። የስብሰባውን ከሠራችሁት ግን እገዛለሁ።» ሃዋኒ ይህን ስታነብ ከስንት ጊዜ በኋላ ከልቧ ሳቀች፤ ደግሞም ጀምራዋለች፣ በዚህኛው ጊዜ በራሷ አካውንት። ስሙ «እኔ የምጨምረው» ነው። ተጫዋቹ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ የሚጨምሩት ሁሉ ጨምረው ሳይጨርሱ መውጣት አለበት። እኔም ዱረቲም ሞክረናል፤ እስካሁን የወጣ የለም። የሽፋኑን ነገር አያስቡ፤ ያንኑ የእናንተን እንዳለ እንጠቀማለን፤ ከዚህ ጌም ጋር ልክክ ብሎ ገጥሟል። ሐይቁን ብቻ አርመነዋል።